ውርር የሚያደርግ ድምፅ፦ ከሹክሹክታ እስከ ቂርኣት



በረመዳን፣ በተለይ ከተራዊሕ መልስ፣ ተማሪዎች ለጀመዓው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ አነጋገሩ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ ሁሌም ተመሳሳይ ነው። «ኢማሙ ቂርኣት ሲያሰሙ ከጎኔ የቆመው ልጅ ያለቅሳል፣ እኔ ግን ምንም አይሰማኝም። ማታ ዶርም ገብቼ ስልኬ ላይ አንድ ሰው በሹክሹክታ ሲያወራ ስሰማ ግን ከጭንቅላቴ እስከ ጀርባዬ ውርር ያደርገኛል። ልቤ ምን ሆኖ ነው?» ሌላው ደግሞ ጥያቄውን ገልብጦ ያመጣዋል፤ «የአንድ ቃሪእ ድምፅ ስሰማ ፀጉሬ ይቆማል፤ ኢማኔ ጨምሯል ማለት ነው?» ይላል።

ሁለቱም ጠያቂዎች አንድ ነገር ይዘው ነው የተነሱት። ቆዳቸው ላይ የሚሰማቸውን ስሜት የልባቸው መለኪያ አድርገውታል። አንዱ በዚህ የተነሳ ራሱን ይወቅሳል፣ ሌላው በራሱ ይረካል። እኛ እንደምናስበው ሁለቱም መለኪያውን ተሳስተዋል። ይህን ለማየት ግን ስሜቱ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል፤ ምክንያቱም «ውርር አደረገኝ» በሚለው አንድ አባባል ሥር ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደብቀዋል።

ስሜቱ ምን ዓይነት ነው?

የመጀመሪያው ዓይነት ዝግ ብሎ የሚመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከራስ ቅል አናት ወይም ከማጅራት በላይ ይጀምራል። በጣም ቀላል የሆነ፣ የማያምም፣ ጣቶች ፀጉር ውስጥ ሲርመሰመሱ የሚመስል ንዝረት ነው። ከዚያ በአንገት በኩል ወደ አከርካሪና ወደ ትከሻ ይወርዳል። ዓይን ይከብዳል፣ ሰውነት ይላላል፤ ሰውየው እንቅልፍ ባይወስደውም መነሳት አይፈልግም። ድምፁ እስከቀጠለ ድረስ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል።

የሚቀሰቅሱት ነገሮች ሁሉም ቀርፋፋ፣ ዝቅ ያሉና ተደጋጋሚ ናቸው። ሹሩባ ስትሠሩ ከኋላችሁ የተቀመጠችው ሴት ፀጉራችሁን እየከፈለች ዝቅ ባለ ድምፅ ስታወራ፤ ፀጉር ቤት መቀሱ ጆሮ አካባቢ ቀጭ ቀጭ ሲል፤ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ትከሻችሁ ላይ ዘርግቶ በዝምታ ሲለካ፤ ለዒድ ወይም ለኒካሕ ሂና ሲደረግላችሁ ቀጭኑ መስመር እጃችሁ ላይ ሲሳብ። ቡና ቤት ውስጥ ሲቆላና ስኒዎቹ ረከቦት ላይ ቀስ ብለው ሲነካኩ የሚሰማቸውም አሉ። በልጅነታቸው ቁርኣን ቤት የገቡ ደግሞ ሌላ ያስታውሳሉ፤ የሸምበቆው ብዕር ሉሕ ላይ ሲጭር የሚያሰማውን ድምፅ፣ ወይም ኡስታዙ ከጎናቸው ሆነው ሙስሐፉን ገጽ በገጽ ሲገልጡ የሚሰማውን። ከባቱ የመጡ ወንድሞቻችን ሐይቁ ዳር ደንገሉን ነፋስ ሲያንሿሿው ይበቃናል ሊሉን ይችላሉ። የእኛ የአዳማ ነፋስ ግን ከከተማው ዳር የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ለማዞር እንጂ ሰው ለማስተኛት የሚሆን አይደለም፤ አቧራውን ይዞ ሲመጣ የሚነዝረው ሌላ ነገር ነው።

አማርኛችን ለዚህ ዓይነት ስሜት ድሃ አይደለም። «ውርር አደረገኝ» እንላለን፣ «ነዘረኝ» እንላለን፤ ጥፍር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጫር ደግሞ «ሰቀጠጠኝ» እንላለን። የመጨረሻው ቃል ከሁለቱ በጣም የራቀ ነገር እንደሚናገር ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል። ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

ስሙና ጥናቱ

ስሜቱ የቆየ ቢሆንም ስም ያገኘው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄኒፈር አለን የተባለች አሜሪካዊት ዛሬ በምኅጻረ ቃሉ «ኤኤስኤምአር» የሚባለውን ስም አወጣችለት። ሙሉው ስም ሲፈታ፣ በራሱ የሚመጣ፣ ከስሜት ህዋሳት የሚነሳና ወደ አንድ ጫፍ የሚደርስ ምላሽ እንደ ማለት ነው። ስሙ ከሐኪም ቤት የወጣ ቢመስልም ከሐኪም ቤት አልወጣም። ሰዎች ሳያፍሩ እንዲያወሩበት ሆን ተብሎ የሕክምና መልክ የተሰጠው ስም ነው። ከዚያ በፊት ይህ የሚሰማው ሰው ብዙውን ጊዜ «እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ዝም ይል ነበር። አሁን እንኳ በአገራችን ስለዚህ ነገር ዶርም ውስጥ ብታነሱ አንዱ «እሱማ እኔንም ያደርገኛል» ሲል ሌላው እንደ እብድ ያያችኋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዳንድ ሰው ይሰማዋል፣ አንዳንዱ በጭራሽ አይሰማውም።

የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ኤማ ባራትና ኒክ ዴቪስ የተባሉ የዌልስ ስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስሜቱ ያላቸውን 475 ሰዎች ጠየቁ። ከመካከላቸው 75 በመቶው ሹክሹክታ፣ 69 በመቶው አንድ ሰው ለእነሱ ብቻ ትኩረት ሲሰጣቸው፣ 64 በመቶው እንደ ወረቀት መንኮሻኮሽ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ፣ 53 በመቶው ደግሞ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ስሜቱን እንደሚቀሰቅስባቸው ተናገሩ። 98 በመቶው ለመዝናናት፣ 82 በመቶው ለመተኛት፣ 70 በመቶው ጭንቀት ለማቅለል ይጠቀሙበታል። ብዙዎቹ ስሜቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁት በልጅነታቸው ነው። ቁጥሮቹን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የተጠየቁት ስሜቱ እንዳላቸው ቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከመቶ ሰው ስንቱ ይህ ይሰማዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆኑም።

አንድ እህት ወይም ወንድም በልቡ ይዞት የሚዞር ግን አፉን ሞልቶ የማይጠይቀው ነገር አለ፤ «ይህ ስሜት የሚያሳፍር ዓይነት ነው?» የሚል። በዚያው ጥናት ይህ ተጠይቋል። ለወሲባዊ ስሜት እንጠቀምበታለን ያሉት 5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ 84 በመቶው ይህን አባባል አልተቀበሉትም። ስሜቱ በራሱ ሰውነትን የሚያረጋጋ እንጂ የሚያነሳሳ አይደለም። የሚያሳስበው ስሜቱ ሳይሆን አንዳንድ ሰው እሱን ፍለጋ የሚሄድበት ቦታ ነው፤ ይህን ዝቅ ብለን እንነጋገርበታለን።

ሰዎች የተናገሩትን መሣሪያም መዝኖታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስሜቱ ያላቸውንና የሌላቸውን ሰዎች ተመሳሳይ ቪዲዮ እያሳዩ የልብ ምታቸውን ለኩ። ስሜቱ ያላቸው ሰዎች የልብ ምት በደቂቃ በአማካይ በ3 ገደማ ቀነሰ። ትንሽ ቢመስልም፣ ሰውነት በእርግጥ እየተረጋጋ መሆኑን ያሳያል፤ ማስመሰል አይደለም። የሚገርመው በዚያው ሰዓት የቆዳቸው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም መጨመሩ ነው፤ ይህ ደግሞ የመነቃቃት ምልክት ነው። ረጋ ብሎ መንቃት እንበለው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ 10 ሰዎች ኤምአርአይ ውስጥ ገብተው ውርር ሲያደርጋቸው ቁልፍ እንዲጫኑ ተደርጎ ነበር። በዚያ ቅጽበት ከእርካታና ከሰው ጋር ከመቀራረብ ጋር የሚያያዙ የአንጎል ክፍሎች ሥራ በዝቶባቸው ታዩ። 10 ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ውጤቱ ከላይ ካነሳናቸው ምሳሌዎች ጋር ይገጥማል። ሹሩባ፣ ሂና፣ ልብስ ሰፊ፣ ኡስታዝ፤ በሁሉም ውስጥ አንድ ሰው ሳይቸኩልና ሳይጮህ ሌላውን ሰው ይንከባከባል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ማሳሰቢያ እናስቀምጥ። ምንም ድምፅ ሳይኖር እጅና እግራችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ፣ ወይም መደንዘዝና መዛል አብሮት ካለ፣ ያ ሌላ ነገር ነውና ክሊኒክ ሂዱ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ስኳር በሽታ ወይም የተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ውርር

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንምጣ። ይህኛው ፈጣን ነው። እንደ ማዕበል ይመጣና በሰከንዶች ውስጥ ያልፋል። ክንድ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል፣ ቆዳው ቁርብብ ይላል። ከእያንዳንዱ ፀጉር ሥር ያለች ጥቃቅን ጡንቻ ስትኮማተር ነው ይህ የሚሆነው፤ ብርድ ሲመታን ወይም ስንደነግጥ የሚሠራው ያው የነርቭ ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ ሰውነት አይላላም፣ ይነሳል። የሚቀሰቅሰውም ዝቅ ያለና ተደጋጋሚ ድምፅ ሳይሆን ለውጥ ነው፤ ያልተጠበቀ ከፍታ፣ ረጅም ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ የሚመለስ ድምፅ፣ ወይም የብዙ ሰው ድምፅ በአንድ ጊዜ መነሳት።

እ.ኤ.አ. በ2001 አን ብለድና ሮበርት ዛቶሬ የተባሉ የሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ስሜት በሙዚቃ አጥንተውታል። ሰዎች በጣም የሚወዱትን ዜማ ሰምተው ሲነዝራቸው፣ ከምግብና ከመሳሰሉት የሚገኝ እርካታ የሚነካቸው የአንጎል ክፍሎች ተነሱ። ዋናው ነጥብ፣ ይህ ስሜት የሚመጣው በሃይማኖት ሳይሆን በሰው ልጅ ተፈጥሮ መሆኑ ነው። ሙስሊሙም ሌላውም፣ ቋንቋውን የሚያውቀውም የማያውቀውም ይሰማዋል።

አሁን መስጂድ ውስጥ ራሳችሁን አስቡ። ኢማሙ ፋቲሓን ጨርሰው ዝም ሲሉ ከኋላቸው ያለው ሶፍ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሚን» ይላል። ወይም የግብፁን ሼኽ ዐብዱልባሲጥ ዐብዱሰመድን የቆየ ቅጂ ታዳምጣላችሁ። በአንድ ትንፋሽ ረጅም አንቀጽ ይዘው ይወጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ከዚያ ያቆማሉ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ አዳማጩ «አላህ!» ሲል ይሰማል። ከፍታ፣ ዝምታ፣ የብዙ ሰው ድምፅ፤ ቆዳን የሚያነሳው ነገር ሁሉ ተሟልቶ አለ። አንድ ዐረብኛ የማያውቅ እንግዳ ከውጭ ቆሞ ቢሰማ ሊነዝረው ይችላል።

ይህን ስንል ቂርኣትን ወደ ሙዚቃ ለማውረድ አይደለም። ቁርኣንን በድምፅ ማስዋብ በሱና የተወደደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪን (ረ.ዐ) ድምፅ ሰምተው በዳውድ ቤተሰብ ዜማ መስለው እንዳመሰገኑት በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ውብ ድምፅ ሰምቶ ደስ መሰኘት ነውር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ያንን ደስታ ከኹሹዕ ጋር ስናምታታ ነው።

ቆዳና ልብ በቁርኣን

ቁርኣን ራሱ ስለ ቆዳ መንቀጥቀጥ ይናገራል። በሱረቱ አዝ-ዙመር 23ኛው አንቀጽ ላይ ጌታቸውን የሚፈሩ ሰዎች ቆዳ በሚሰሙት ቃል እንደሚሸማቀቅ፣ ከዚያ በኋላ ቆዳቸውም ልባቸውም አላህን ወደ ማስታወስ እንደሚለዝብ ተነግሯል። ይህን ይዘን «ሳይንስ ዛሬ የደረሰበትን ቁርኣን ቀድሞ ነግሮናል» ወደሚል ጽሑፍ መሮጥ አንፈልግም፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በበቂ ሁኔታ አለ። እኛን የሳበን ቅደም ተከተሉ ነው። አንቀጹ ቆዳቸው ይሸማቀቃል የሚላቸው ጌታቸውን የሚፈሩትን ነው፤ ከቆዳ በኋላ የሚያነሳው የልብ መለዘብን ነው። የቆዳው መንቀጥቀጥ በሁለቱ መካከል ያለ ማለፊያ ነው። በፊቱ ፍራቻ፣ በኋላው መለዘብ ከሌለ በመሀል የቀረው ነገር ከላይ ያየነው የጡንቻ መኮማተር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀደምቶቹ ይህን ያውቁት ነበር። በተፍሲር ኪታቦች እንደተዘገበው ዐብዱላህ ኢብን ዑርዋ አያቱን አስማእ ቢንት አቢ በክርን (ረ.ዐ) ሶሓባዎች ቁርኣን ሲነበብላቸው ምን ይሆኑ እንደነበር ጠየቃቸው። አላህ እንደገለጻቸው ነበሩ፤ ዓይናቸው ያለቅስ፣ ቆዳቸው ይሸማቀቅ ነበር ብለው መለሱለት። እሱም አሁን አንዳንድ ሰዎች ቁርኣን ሲሰሙ ራሳቸውን ስተው እንደሚወድቁ ሲነግራቸው ከተረገመው ሸይጣን በአላህ ተጠበቁ። የባስራው ሊቅ ሙሐመድ ኢብን ሲሪን ደግሞ ስለ እነዚሁ ወዳቂዎች ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ፈገግ ያሰኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ከፍ ያለ ግድግዳ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ አስቀምጡት፤ ቁርኣን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብለት፤ ከወደቀ እውነቱን ነው አሉ።

ወደ ጠያቂዎቻችን እንመለስ። በተራዊሕ ምንም የማይሰማው ወንድም፣ ስሜቱ ስላልመጣ ብቻ ልቡ ደረቀ ማለት አይቻልም። ሰው በሰውነቱ አፈጣጠር ይለያያል፤ በዜማ ፈጽሞ የማይነዝረው ሰው አለ። ድካምም አለ። ቀኑን ሙሉ ላብራቶሪ ውሎ፣ ጾሞ፣ በአዳማ ሙቀት ተቀቅሎ የመጣ ሰው 20ኛው ረከዓ ላይ እግሩን ብቻ ቢያዳምጥ አይፈረድበትም። ምናልባት የጎደለው ስሜት ሳይሆን ትርጉም ሊሆን ይችላል። ኢማሙ ማታ የሚያነቡትን ሱራ ከዐስር በኋላ 10 ደቂቃ ሰጥቶ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ትርጉሙን ቢያይ፣ ማታ የሚሰማው ቃል እንጂ ዜማ ብቻ አይሆንም። በሹክሹክታ ውርር የሚለው ደግሞ የአፈጣጠሩ ጉዳይ ነው። ኢማኑን አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ልክ ሎሚ ሲያይ ምራቁ እንደሚመጣ ሰው ነው።

ፀጉሩ የሚቆመው ወንድም ደግሞ አልሐምዱሊላህ ይበል፤ ግን እዚያ ላይ አያቁም። አሁን አሁን የምናየው ነገር አለ። ከአንዱ ቃሪእ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አጭር ቪዲዮ ወደ ሌላው እየዘለሉ ያንን ንዝረት ብቻ ማሳደድ። አንድ ሱራ ጨርሶ መስማት ይቀራል፤ የሚፈለገው ድምፁ ከፍ የሚልበት ያቺ 30 ሰከንድ ናት። እዚህ ላይ ሰውየው ቁርኣን እየሰማ ነው ወይስ ራሱን? ይህን እኛ አንመልስለትም፤ እሱ ግን ያውቀዋል።

ማታ፣ ዶርም፣ ኢርፎን

ብዙዎቻችን ከዚህ ነገር ጋር የምንገናኘው በፈተና ሰሞን ነው። እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ የሌሊት ጥቅል ይገዛል፣ አንድ ሰው ማይክ ላይ እያንሾካሾከ ወረቀት ሲያንኮሻኩሽ ይታያል። ወረቀት፣ ዝናብ፣ ብሩሽ፣ የቡና መፈጨት፤ እነዚህን መስማት እንደ ማንኛውም ድምፅ ነው። ግን ቪዲዮዎቹ ሁሉ እንዲህ አይደሉም። ብዙዎቹ አንዲት ሴት ወይም አንድ ወንድ ካሜራው ላይ ተጠግቶ ተመልካቹን እንደ ቅርብ ሰው እያባበለ የሚያንሾካሹክባቸው ናቸው። ጥናቱ እንዳሳየው «ለእኔ ብቻ ትኩረት ተሰጠኝ» የሚለው ስሜት ከዋነኞቹ ቀስቃሾች አንዱ ነውና ሰሪዎቹ ይህን አውቀው ይሠሩበታል። ዶርም ውስጥ ብቻውን፣ መብራት ጠፍቶ፣ ባዕድ የሆነ ሰው ሌሊት ሌሊት ጆሮው ላይ እንዲያንሾካሹክለት የሚያደርግ ሙስሊም ዓይንንና ጆሮን ስለ መጠበቅ የተማረውን እንዲያስታውስ መንገር ያለብን ይመስለናል። ስለ ዝርዝር ብይኑ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። የእኛ ምክር ምስሉን ዘግታችሁ የነገር ድምፅ ብቻ ስሙ የሚል ነው።

ለጆሮም እናስብ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው መጠን 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ሹክሹክታ ራሱ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ችግሩ ከጎናችን የሚንኮራፋውንና በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ከባድ መኪና ለማሸነፍ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍተን፣ እንቅልፍ ወስዶን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ማደሩ ነው። በመሀል ማስታወቂያ ሲገባ ደግሞ ሹክሹክታው ጩኸት ይሆናል። ስልኩ በ20 ደቂቃ ራሱን እንዲያጠፋ አድርጋችሁ ተኙ።

የመኝታ ሱናም አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መኝታቸው ሲሄዱ ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን ቀርተው በመዳፋቸው ላይ ተንፈስ አድርገው ከራሳቸውና ከፊታቸው ጀምረው የቻሉትን ያህል ሰውነታቸውን ያብሱ እንደነበር፣ ይህንም ሦስት ጊዜ ያደርጉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ልጃቸው ፋጢማና ዐሊይ (ረ.ዐ) የቤት ሥራ ደክሟቸው አገልጋይ ሲጠይቁም ከመኝታ በፊት 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር እንዲሉ አስተማሯቸው። ዝግ ያለ የራስ ድምፅ፣ ተደጋጋሚ ቃል፣ የራስ መዳፍ። ጥቅልም ኢርፎንም አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለን። ሸይጣን የሚጎተጉተን «ወስዋስ» በዐረብኛ ከመነሻው ዝቅ ያለ፣ የማይታይ ድምፅ ማለት ነው። ዐረቦች ሴት ስትራመድ ጌጧ የሚያሰማውንም ሹክ ሹክታ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ዝቅ ያለ ድምፅ ሰው ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ቋንቋው ከጥንት ያውቀዋል።

ሰቀጠጠኝ የሚለው ጓደኛችሁ

አሁን ያቆየነውን ቃል እናንሳ። እናንተን የሚያረጋጋ ድምፅ ከላይኛው አልጋ ያለውን ልጅ ሊያሳብደው ይችላል። አንዳንድ ሰው የሌላውን ማኘክ፣ ማሽተት፣ የስክሪብቶ ቀጭ ቀጭ ሲሰማ ከመሰላቸት አልፎ እውነተኛ ንዴትና ጭንቀት ይይዘዋል፤ ልቡ ይመታል፣ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ይህ «ሚሶፎኒያ» ይባላል፤ ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ደስ በሚለው ውርር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት እንግዳ ነገር ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ላይ መገኘታቸው ነው። ሹክሹክታ የሚያስተኛው ሰው ያው ራሱ ቆሎ ሲቆረጠም መቋቋም ሊያቅተው ይችላል። ጆሮው ለጥቃቅን ድምፅ ከሌላው ሰው ይልቅ ክፍት ነው፤ ለደስታውም ለስቃዩም።

ስለዚህ ከሞጆ፣ ከመቂ ወይም ከሻሸመኔ እናታችሁ የላከችላችሁን ቆሎ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ዶርም ውስጥ ስትቆረጥሙ አንድ ሰው «እባክህ» ካላችሁ፣ ቅናት ወይም ክፋት አድርጋችሁ አትውሰዱት። የሚረበሸውም ሰው በጨለማ ውስጥ ተነስቶ ከመጮኽ ይልቅ ቀን ላይ፣ ሁሉም ጠግቦና ተረጋግቶ ባለበት፣ «ይህ ድምፅ እኔን በተለየ ይረብሸኛል፣ ችግሩ ያንተ አይደለም» ብሎ ቢያስረዳ ይሻላል። ጥናት ላይ ላላችሁ አንድ መፍትሔ አለ። የክፍሉ ማራገቢያ ካለ ክፈቱት፤ ወጥ የሆነው ነፋሻ ድምፁ ሌላውን ይሸፍናል። ቆሎውን ደግሞ ከክፍል ውጭ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣችሁ ብሉት፤ የሚረበሸውንም ልጅ ለመጥራት አትርሱ፤ ራሱ ሲቆረጥም ብዙም አይሰማውም።